ጾሙን ያልፈታ ሞተር

በዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ፣ የንስሐ አባታችን ቆመው ከሥጋና ከቅቤ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዳችን ከምንወደው አንድ ነገር እንድንጾም መከሩን። ግቢው ውስጥ ሰው ሲሰነባበት አንዱ ቴሌቪዥን እተዋለሁ አለ፤ አንዷ ስልክ አለች። እኔ ሞተር ሳይክሌን አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝና ደስ አለኝ። ይህን ከመጀመሪያው የማነሳው፣ ኋላ ለደረሰው ሁሉ መነሻው ያ ደስታ ስለሆነ ነው።

ባለቤቴ እቤት እስክንደርስ ታገሠች። መኪናው ሲቆም፣ "አባ ከምትወደው ነገር ጹም አሉ እንጂ መች ከሞተር ጹም አሉህ?" አለችኝ።

ታዲያ ከምን ልጹም አልኳት።

"ከመምከር።"

እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ ማለፍ ይሻላል ብዬ ለልጄ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ሞተሩ አሮጌ ነው፤ ከልጄ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ሜድስቶን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ከመኪና ማቆሚያው ጣሪያ ሥር፣ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ይቆማል። በአዝራርም በእግርም ይነሳል። ጥገናውን ማንም አላስተማረኝም። እዚህ አገር እንደመጣሁ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንድ የጥገና መጽሐፍ አገኘሁና፣ በአንድ እጄ መዝገበ ቃላት ይዤ ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። ያልገባኝን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። አሁንም ሰው ራሱን ማስተማር ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ችግሩ እንዲህ የተማረ ሰው ሲሳሳት የሚያርመው አለመኖሩ ነው።

ይህን ባልኩ ቁጥር ልጄ የሻማውን ነገር ታነሳብኛለች። አገር ቤት መካኒክ ሁሉ ቤንዚኑ ላይ እሳት የምትረጨውን ዕቃ ካንዴላ ስለሚላት፣ ቃሉ እንግሊዝኛ ይመስለኝ ነበር። በመጣሁ በጥቂት ወሩ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብቼ ለሞተሬ ካንዴላ እፈልጋለሁ አልኩ። ሻጯ ትሑት ሴት ነበረች፤ እጄን ልትይዘኝ ምንም አልቀራትም። የልደት ሻማ የተደረደረበት ዘንድ ወሰደችኝና ስንት ዓመቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ለሥራው ያስፈልጋታል ብዬ፣ ያኔ የነበረኝ ሞተር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው አልኳት። ሻማዎቹን መቁጠር ስትጀምር ነው የገባኝ።

ልጄ አሁን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የጠዋት ሺፍት ሲደርሳት አውቶቡሱ ስለማይደርስላት በመኪና የማደርሳት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ሰዓት አክባሪነት እነግራታለሁ። ሞተር መንዳት ለመማር የወሰነችው ከዚህ ትምህርት ለማምለጥ እንደሆነ ለእናቷ ነግራታለች። እናቷም ለኔ ለመንገር አልዘገየችም።

ያም ሆነ ይህ፣ የለማጅ ፈቃድ አወጣች። በጋውን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፋብሪካዎቹ ተዘግተው ጎዳናው ባዶ ሲሆን፣ እዚያው ሰንሻይን ዌስት በኔ ሞተር አለማመድኳት። ጥሩ እጅ አላት። ይህን ለራሷ አልነገርኳትም፤ ልጅ ሲመሰገን ይዘናጋል ብዬ ነው። ቀጥሎ ቼክ ራይድ የሚሉት ነበር፤ አስተማሪ ከኋላ እየተከተለ መንገድ ላይ አነዳድን የሚያይበት ነው። ልጄ ከፋሲካ በኋላ ላለችው ቅዳሜ ቡክ አደረገች። ፈቃዷ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው፤ ያቺ ቅዳሜ ካመለጠቻት ሌላ ክፍት ቀን የሚገኘው ፈቃዱ ካበቃ በኋላ ነው፣ ሁሉንም ከሀ ልትጀምር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያከራያቸው ሞተሮችም ለዚያ ቀን ተይዘው አልቀዋል። የልጄ ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ በኔ አሮጌ ሞተር ላይ የተንጠለጠለች ነበረች።

ይህን እያወቅሁ ነው ሞተሩን ያስጾምኩት። በጾሙ መካከል አንድ ቀን፣ አባዬ እኔ እኮ ከሱ አልጾምኩም፣ ልለማመድበት ብላ ለመነችኝ። ቃል የተገባበት ነገር አይነካም ብዬ መለስኳት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ ከግቢ ሲወጣ የሰፈራችን ምእመን ካየ፣ ቃሌን ያፈረስኩት እኔ እመስላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። እኔ በስሜ፣ በሷ ሆድ ጾምኩ።

ሞተሩን በሸራ የሸፈንኩ ዕለት አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ ሣር በማሽን ያጭዳል፤ ልጄ የሥራ ልብሷን ለብሳ እየሮጠች ስትወጣ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጮክ ብላ አለችኝ። ከማጨጃው ጩኸት መካከል የሰማሁት "ራን ኢት" የሚለውን ብቻ ነው። ንዳው ማለቷ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ገና ጾሙ ሳይገባ ቃሌን እንዳፈርስ ትመክሪኛለሽ ብዬ፣ እኔም ከማጨጃው በላይ ጮኬ፣ ስለ ስእለትና ስለ ቃል አክባሪነት በቂ ያህል ነገርኳት። እጇን ወደ ላይ አንሥታ አየችኝ፣ ሰዓቷን አየች፣ ሄደች።

ሃምሳ አምስቱ ቀን አለፈ። በፋሲካ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ በልተንና ተኝተን ከተነሣን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላውን ነጭ የበዓል ልብሴን እንደለበስኩ ሸራውን ገለጥኩ። አዝራሩን ተጫንኩ። ሞተሩ ኩር ኩር ይላል፣ አይነሳም። በእግሬ ረገጥኩት። አንዴ አሳለና ዝም አለ።

በዚህ መካከል ጋሼ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። ጋሼ ከኛ ሁለት መንገድ አልፈው የሚኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ትራም ነድተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የወተት ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡና ስረግጥ ተመለከቱኝ። ላቤ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ "ምነው፣ ይሄ ሰውዬ ጾሙን አልፈታም እንዴ?" አሉ፣ ሞተሩን እያዩ።

ቀስ ብሎ ይፈታል ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡት አልኳቸው።

"አንድ ጭልፋ የዶሮ ወጥ ታንኩ ውስጥ ጨምርለት። እኔም ዛሬ ያነሳኝ እሱ ነው።"

በመጨረሻ በግፊ ይነሳል ብዬ ወደ መንገድ አወጣሁት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ይዤ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስሬ እየሮጥኩ ገፋሁት። ጋሼ ከኋላ ልቀቀው፣ አሁን ልቀቀው ይላሉ፤ ዕድሜ ልኩን ፍሪሲዮን የሌለውን ትራም የነዳ ሰው ስለ ፍሪሲዮን ምን እንደሚያውቅ እግዚአብሔር ይወቅ። ማዶ ያሉት ቬትናማዊት ጎረቤታችን ደጃፋቸው ላይ ቆመው አውራ ጣታቸውን አነሡልኝ። ጥግ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። አልተነሳም። ስመለስ ሱሪዬ ከጉልበቱ በታች ጥቁር ሆኗል። ባለቤቴ አየችውና፣ እኔ ለአንተ የገዛሁትን የበዓል ልብስ ለሞተሩ አለበስከው ወይ ብላ ገባች። ልጄን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀኖቹን በጣቷ ስትቆጥር አየኋት፤ እሑድን ትታ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ።

ከሰኞ ጀምሮ በሥርዓት ያዝኩት። ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ነዳጅ፣ እሳትና አየር። የጎደለውን ለማግኘት አንድ በአንድ መመርመር፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት፣ የተደረገውን መጻፍ። ለዚህ የተለየ ደብተር አለኝ፤ ለእያንዳንዱ ብልሽት ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሔ ብዬ እመዘግባለሁ። ልጄን ፊደል ያስቆጠርኳት በዚሁ ዓይነት ደብተር ነው።

ማጥፊያ አዝራሩን አየሁ፤ ደህና ነው። ካንዴላውን ፈትቼ ብረቱ ላይ አስደግፌ ሞተሩን ረገጥኩ፤ ሰማያዊ እሳት ይረጫል። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ከታንኩ ሥር ያለችውን የቤንዚን መዝጊያ ክፍት ሆና አገኘኋት፤ ቱቦውን ነቅዬ ጠርሙስ ብደቅንበት ቤንዚኑ ይወርዳል። ካንዴላው ደረቅ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ማንም ጀማሪ ቆም ይላል፤ ከታንኩ ቤንዚን ወርዶ ካንዴላው ጋ ካልደረሰ፣ የቀረው መካከላቸው ነው፣ መካከላቸው ያለው ደግሞ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተሩ ነው። እኔ ግን ካርቡራተሩን አልነካሁም። ዓምና በእጄ ፈትቼ ያጸዳሁት ነዋ። ሰው ዕቃ ሲጠፋበት ቤቱን ሁሉ ያምሳል፤ ራሱ ያስቀመጠበት ቦታ ግን መጨረሻ ነው የሚታየው። አዲስ ካንዴላ ቀየርኩ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር የሚለውን ሕጌን ማክሰኞ ከቀትር በፊት አፍርሼው ነበር።

ረቡዕ ላይ ወደ ሰው ዞርኩ። የቤንዚን መዝጊያዋን ሞተሩን በሸራ ስሸፍን ዘግቻታለሁ፣ እርግጠኛ ነኝ፤ ክፍት ሆና ካገኘኋት የከፈታት ሰው አለ። እኔ ቤት በሌለሁበት ልለማመድ ብላ ሸራውን የገለጠች አለች። እራት ላይ፣ ሞተሩን ነክተሻል ወይ ብዬ ልጄን ጠየቅኳት።

"አልነካሁም።"

ልጄ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ በአማርኛ የምትመልሰው ስትለምነኝና ስትናደድ ብቻ ነው። ይህን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አውቄ፣ ያን ዕለት በአማርኛ ስትመልስልኝ አላወቅሁም። ስለ እውነት መናገር ትንሽ ተናገርኩ። እናቷ ሳህኖቹን ቶሎ አነሣች።

ሐሙስ ባትሪ ልገዛ ማሪቢርኖንግ ሄድኩ። ባትሪው ጤነኛ እንደሆነ እያወቅሁ ነው፤ የሚያደርገውን ያጣ ሰው ይገዛል። ስመለስ ልጄ ከሥራ ገብታ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር፣ ጋሼ የተቀመጡባት ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ደብተሬ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ታነባለች። ሲያነቡ ጣት አይደረግም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያት ነበር።

"ም፣ ክ፣ ን፣ ያ፣ ት" አለች። ምክንያት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ወረደች። "ል፣ ጅ። ነ፣ ካ፣ ካ፣ ች፣ ው።"

ለብቻ ለብቻ የተነበበው ፊደል ቃል እስኪሆን ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ቀና ብላ አየችኝ።

"ልጅ እኔ ነኝ?"

እንዲያ ማለቴ አይደለም፣ ጥርጣሬዬን ነው የመዘገብኩት አልኳት። ምክንያት ነው የሚለው፣ ጥርጣሬ አይልም አለችኝ፤ ለዚህ ለዚህ አማርኛዋ ይበቃታል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለች፣ ያን ዕለት ነግሬህ ነበር አለችኝ፤ ራን ኢት ድራይ።

ንዳው ነው ያልሽኝ አልኳት።

ንዳው አላልኩህም አለች። ራን ኢት ድራይ ማለት መዝጊያዋን ዘግተህ ሞተሩን አስነሳ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ይሥራ ማለት ነው። ብዙ ቀን የሚቆም ሞተር ቤንዚን በሆዱ ይዞ አይቆምም። ይህን ከአስተማሪዋ ሰምታው ነበር። እኔ ደግሞ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፣ በሌላ ቃል ነው እንጂ፤ መጽሐፉ ድሬን አድርግ፣ ማለትም አፍስሰው፣ ነው የሚለው። ከሥሩ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ከመጽሐፍ የተማረ ሰው እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ ያነበበውን ቃል ያውቃል፣ ልጁ ከበር ስትጮህለት ግን አይሰማም።

ልጄ ካቻቢቴውን አንሥታ የካርቡራተሩን የታች ብሎን አላላችው። ባዶ የቲማቲም ጠርሙስ ደቀነች። የወረደው ጥቂት ነገር ቢጫ ነበር፣ ሻይ የመሰለ ቢጫ። አሸተተችውና ወደኔ ዘረጋችው። ለእኔ ቤንዚን ነው የሚሸተኝ። እሷ ግን፣ "የጥፍር ቀለም ነው የሚሸተው፣ አባዬ" አለችኝ። ቤንዚን ቆይቶ ሲያረጅ ሽታው እንደዚያ ነው ይላሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ሞተር ስፈታ ይህን ሊነግረኝ የሚችል አፍንጫ ቤቴ ውስጥ ነበር፤ ጠይቄው አላውቅም።

መዝጊያዋን ያኔ አስታወስኳት። አልዘጋኋትም። ሞተሩን በሸራ ስሸፍን ስለ ስእለት እየጮህኩ ነበር፤ እየጮኸ መዝጊያ የሚዘጋ ሰው የለም። ክፍት ሆና ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ፣ የበጋው ሙቀት ገና ባልወጣበት፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን እየተነነ ሲጎድል ከላይ ስትሞላለት፣ ደለሉ ከሥር ሲረጋ ከረመ። ሞተሩ ከመንገድ ጾመ እንጂ ከቤንዚን አልጾመም።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን፣ ማፍሰስ ነበረብኝ ነው። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም፤ ጠርሙሱን ይዛ ትጠብቃለች። ጎረቤት ሣሩን አያጭድም፣ ጋሼ የሉም፣ የምሸሸግበት ድምፅ አልነበረም።

"ይቅርታ ልጄ" አልኳት። "ልጅ ነካካችው ያልኩት ውሸት ነው።"

እሺ አለች። እስክርቢቶ አንሥቼ ያን መስመር ሰረዝኩት። በምትኩ ምን እንደምጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ የምክንያቱ ቦታ ባዶ ቀረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካርቡራተሩን አወረድን። አወረድን ስል እሷ አወረደችው፤ እኔ ብሎኖቹን በተራ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ባለቀዳዳ ብሎን ወደ ብርሃን አነሣችና አየችባት። ምንም አይታይም አለች፣ ለእኔም ሰጠችኝ፤ ቀዳዳዋ በአረንጓዴ ሙጫ ተደፍናለች። ብረት አትጠቀሚ፣ ቀዳዳዋን ታሰፊያለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ከነሐስ ብሩሹ አንዲት ቀጭን ሽቦ ነቅላ፣ ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ነክራ፣ እንደ መርፌ ክር ቀስ ብላ አሳለፈቻት። አፌን ዘጋሁ። ባለቤቴ በኩሽናው መስኮት አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይወጣኝ ቆሜ አየችኝና መስኮቱን ከፈተች።

"አሁን ጾምክ" አለችኝ።

አዲስ ቤንዚን ጨመርን። ልጄ ተቀምጣ አዝራሩን ተጫነች። ኩር ኩር አለ፣ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ልብስ ማስጫው ላይ ወደ ተሰጡት አንሶላዎች ለቀቀና ተነሳ። ባለቤቴ ስለ አንሶላዎቹ የተናገረችውን በሞተሩ ድምፅ ምክንያት አልሰማሁም፤ የሰማሁት ንዳው የሚል ይመስላል ብዬ ብነግራት ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ቢጫውን የለማጅ ምልክት ከኋላ አስራ ወጣች። በመኪና ልከተልሽ ብያት ነበር፤ አንድ አስተማሪ ይበቃኛል አለችኝ። እኔ ንጹሕ የሆኑትን መፍቻዎች መልሼ ወለወልኩ። ፒንሳውን ሁለት ጊዜ ዘይት ቀባሁት። ሞተር በሩቅ በተሰማ ቁጥር ድምፁ የኛው መሆን አለመሆኑን አዳመጥኩ፤ ሦስቱ አልነበሩም። አራተኛው ነበር።

አልፋለች። አስተማሪው አነዳድሽ ጥሩ ነው፣ ግን ከመነሳትሽ በፊት በማላውቀው ቋንቋ ምን እያልሽ ነው የምታንሾካሹኪው ብሎ ጠየቃት። ነዳጅ፣ እሳት፣ አየር ነበር የምትለው። ይህን ስትነግረኝ ጥሩ እጅ እንዳላት ነገርኳት። ከሌላ ሰው አፍ የሰማችው ያህል ገረማትና፣ ደግመህ በለው አለችኝ። አንዴ ይበቃል አልኳት።

ከዚያ መዝጊያዋን ዘጋች፤ ሞተሩ ግን ይሠራል። እጇን ኪሷ ከታ ከጎኑ ቆመች። ሰኞ ሥራ ትሄጂበት የለም ወይ፣ ምን ያስፈልጋል ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ተውኩት። እያሳየችኝ ነበር። ድምፁ ቀስ በቀስ ቀጠነ፣ ተንተባተበ፣ ጠፋ። ራን ኢት ድራይ።

ማታ ደብተሬን ስከፍት ባዶ የተውኩት የምክንያቱ ቦታ ተሞልቷል። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ከመስመሩ ይወጣል፤ "አባየ ፆመ" ይላል። አባዬ በዬ ነው የሚጻፈው፤ ጾመም በጸሎቱ ጸ እንጂ በፀሐዩ ፀ አይደለም፣ ይህን በእርግጥ አስተምሬያታለሁ። እስክርቢቶውን አነሣሁ፣ ትንሽ ያዝኩት፣ መልሼ ክዳኑን ገጠምኩት።